ድምፅ ባለቤት አለው፦ ከጃፓን ሴት ዘፋኞች ታሪክ የምንማረው



ስለ ጃፓን ሲነሣ በመጠለያችን የሚባለው የታወቀ ነው። አቧራ እያስነሣ የሚመጣው የእርዳታ ድርጅት መኪና የጃፓን ሥራ ነው፤ ያ ሕዝብ አገሩ በቦምብ አመድ ከሆነች በኋላ ወገቡን አሥሮ ሠርቶ ተነሣ፤ እኛም እንደ እነሱ ብንሠራ የት በደረስን ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በዚያ አመድ ላይ ቆመው የዘፈኑ ሴቶች እንደ ነበሩ፣ ሕዝቡም ቀን ፍርስራሽ ሲጠርግ ውሎ ማታ በእነሱ ድምፅ እንደ ተጽናና የሚያነሣ የለም። ያጽናኑትን ሴቶች ምን ያህል እንደ ሰደበና እንደ ቀፈደደ የሚያነሣማ ጨርሶ የለም።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የኪነት ቡድናችን እህቶችን ለመቀበል ማሰቡ ከተሰማ ወዲህ በየብሎኩ የሚወራው ጆሮ ያማል። «የሰው ልጅ መድረክ ላይ አውጥተው አዝማሪ ሊያደርጓት ነው» የሚል አለ። «ሆዱ ላልጠገበ ሕዝብ ዘፈን ምን ያደርግለታል» የሚል አለ። «ትዝፈን ግድ የለም፤ ስታገባ ትተዋለች» እያለ፣ የፈቀደ መስሎ ገመድ የሚያጠልቅም አለ። የሚገርመው እነዚሁ ወገኖች ማታ ማታ ስልካቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው የሴት ድምፅ እየሰሙ መተኛታቸው ነው።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ድምፁን የሚፈልግ ሕዝብ ባለ ድምፁን ሊንቅ አይገባውም። ድምፅ ባለቤት አለው፤ ባለቤቲቱም ዘፋኟ ራሷ ናት። አባቷም፣ ባሏም፣ መንግሥትም፣ ኮሚቴም ባለቤቱ አይደለም። ለዚህ ምስክር የምንጠራው ሁላችንም የምናደንቃትን ጃፓንን ነው፤ ለሴት ዘፋኞቿ ደጉንም ክፉውንም አድርጋለችና ከሁለቱም መማር ይቻላል። (ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጃፓኖች የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድሙ እኛም እንደዚያው ጽፈናል።)

መጀመሪያ የሆድን ነገር እናንሣ። «ዘፈን ጎርፍ አያቆምም» የሚሉን ወገኖች በተማሪ ቤት የተማርነውን የከበደ ሚካኤልን የአዝማሪውንና የውሃ ሙላቱን ግጥም ይጠቅሱልናል። ልክ ናቸው፤ ዘፈን ጎርፍ አያቆምም። ጃፓንንም ያቆማት የሠራተኛው ላብ እንጂ ዘፈን አይደለም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ጎርፉ ቤቱን ጠርጎ ከሄደ በኋላ ሜዳ ላይ የቀረውን ሰው ነገ ጠዋት ከመኝታው የሚያስነሣው ምንድን ነው? ስንዴ ብቻ ነው የሚል ሰው እዚህ ከእኛ ጋር የኖረ አይመስልም።

ቶክዮ በመጋቢት 1945 በአንድ ሌሊት የእሳት ቦምብ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው አጣች። ከሽንፈቱ በኋላ የመጣው ዘመን የራሽንና የጥቁር ገበያ፣ የወላጅ አልባ ልጆችና የጎዳና አዳሪዎች ዘመን ነበር። በዚህ መካከል ካሳጊ ሺዙኮ የምትባል በ1914 የተወለደች ዘፋኝ ነበረች። የምትወደውን ሰው ቤተሰቦቹ ስለ ተቃወሙ ሳያገቡ ቆዩ፤ በግንቦት 1947 እሱ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እሷ ሴት ልጁን ተገላገለች። ያለ ባል፣ አራስ ልጅ ታቅፋ በፈረሰ ከተማ ቀረች። የሙዚቃ ደራሲው ሃቶሪ ርዮኢቺ «ቶክዮ ቡጊውጊ» የተባለውን ዘፈን ሠራላት። ሸክላው በጥር 1948 ሲወጣ አገሩን አነቃነቀው። ሕፃኗን መልበሻ ክፍል አስተኝታ መድረክ ላይ ትጮኽና ትዘል ነበር። ከፊት ወንበሮች ላይ አበባ ይዘው ከሚጠብቋት መካከል ረኃብ ለጎዳና የዳረጋቸው፣ ማንም በመልካም ስማቸውን የማያነሣላቸው ሴቶች ነበሩ። ለእነዚያ ሴቶች ዘፈኑ የጠገበ ሰው መዝናኛ ነበርን? ሰው መሆናቸውን የነገራቸው ሌላ ማን ነበር?

ሁለተኛዋ ምስክር ሚሶራ ሂባሪ ናት። በ1937 ዮኮሃማ ከዓሣ ነጋዴ ቤት የተወለደች ልጅ ናት። በ1946 በሬዲዮ የአማተሮች ውድድር ቀርባ ብትዘፍን ዳኞቹ ልጅነት የሌለው አዘፋፈን ነው ብለው አላሳለፏትም። በ1949 ግን ጦርነት ከወንድሟ የለያያትን የጎዳና ልጅ ሆና በፊልም ስትዘፍን አገር ሁሉ የራሱን የጠፋ ልጅ ያየ መሰለው። በማግሥቱ በ1950 አንድ የታወቀ ገጣሚ ልጅ የአዋቂ ዘፈን መዝፈኗን አስቀያሚ ነገር ነው ብሎ በጋዜጣ ወረደባት። የተማረው ክፍል ሲጸየፋት፣ ወደብ ላይ ሸክም የሚሸከመውና በፋብሪካ የሚውለው ሕዝብ አልለቀቃትም። በሰኔ 1989 በ52 ዓመቷ ስትሞት የጃፓን መንግሥት የሕዝብ ክብር ሽልማት ሰጣት፤ ያንን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሽልማቱ የመጣው ከሞተች በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

«አዝማሪ» ወደሚለው ስድብ እንለፍ። አዝማሪ ማለት «ዘመረ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ መዝሙርና ዝማሬ ከሚሉት ቃላት ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ቃሉን ስድብ ያደረገው ግብር ላይ እያስዘፈነ፣ ሲበላ ደጅ የሚያስቀምጥ ጌታ ነው። ጌታው ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ስድቡን ግን ተሸክመን ድንበር ተሻገርን።

ጃፓንም የራሷ አዝማሪዎች ነበሯት። ጎዜ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሴቶች ሻሚሴን የተባለውን ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ይዘው በረዶ እየረገጡ ከመንደር መንደር እየዞሩ ይዘፍኑ ነበር። ማኅበራቸው ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ወንድ የያዘች ጎዜ ከማኅበሩ ተባርራ ብቻዋን ትንከራተታለች። ገበሬው በጉጉት ይጠብቃቸው ነበር፤ ይሁንና ልጁ ጎዜ እንድትሆን የሚመኝ አልነበረም። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ኮባያሺ ሀሩ በ1900 ተወለዱ፤ መንግሥት የአገር ቅርስ ተሸካሚ ብሎ ያከበራቸው በ1978 ሙያው ሊጠፋ ሲል ነው፤ በ2005 በ105 ዓመታቸው አረፉ። አክባሪው እስኪነቃ ድረስ ተረካቢ አልቆ ነበር።

ከዚሁ ዓይነት መንገደኛ ቤት የወጣችው ፉጂ ኬይኮ ደግሞ በ1951 ተወለደች። እናቷ ሻሚሴን የምትጫወት ዓይነ ስውር ነበረች፤ አባቷም ዘፋኝ። ልጅቱ ከእነሱ ጋር እየዞረች አደገች። በ1970 ሁለት አልበሞቿ ተከታትለው ለ37 ሳምንታት የሽያጩን አንደኛ ደረጃ ያዙ። የእሷ ልጅ ኡታዳ ሂካሩ በ1999 ያወጣችው አልበም ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በጃፓን እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም። «የአዝማሪ ዘር» ብለን የምንሰድበው ይህ ነው። እናት ደጃፍ ለደጃፍ ዘፈነች፤ የልጅ ልጅ በሚሊዮን ቤት ገባች። ስድቡ ቢሳካ ኖሮ ከእናትየው ላይ ይቆም ነበር።

«ጃፓን ሌላ፣ እኛ ሌላ» ለሚሉን አንድ ነገር እንንገራቸው። ኤንካ በሚባለው የጃፓን የኀዘንና የናፍቆት ዘፈን ውስጥ የሚያገለግለው ቅኝት ዮናኑኪ ይባላል፤ «አራተኛውና ሰባተኛው የወጣለት» ማለት ነው። ከሰባቱ ድምፆች ሁለቱ ሲወጡ አምስት ይቀራሉ። እነዚያን አምስቱን የኪነት ቡድናችን ክራር መቺ በተራ ቢመታቸው ትዝታ ይሆናሉ፤ ሁለት ዓይነት ዮናኑኪ አለ፣ ሁለት ዓይነት ትዝታ አለ፤ በድምፆቻቸው አቀማመጥ ይገጥማሉ። አንዱ ከሌላው ቀድቶ አይደለም፤ የተለያየ ሕዝብ ናፍቆቱን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ተመሳስሎ ተገኘ እንጂ። የጃፓንን ዘፈን ቋንቋውን ሳናውቅ ሰምተን አንጀታችን የሚላወሰው ስለዚህ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ሰው አፍ ነው። ከሰው አፍ የባሰው የመንግሥት እጅ ነው፤ ይህን እኛ ስደተኞች ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባናል።

በጦርነቱ ዘመን የጃፓን ባለ ሥልጣኖች ሴት ዘፋኝ ምን እንደምትለብስ፣ ምን እንደምትዘፍን፣ ስንት እርምጃ እንደምትራመድ ሳይቀር ይወስኑ ነበር። ካሳጊ ሺዙኮን ጭፈራሽ ዋዘኛ ነው ብለው ከማይክሮፎኑ ዙሪያ ከጥቂት ጫማ በላይ እንዳትንቀሳቀስ ከለከሏት። በ1943 ወደ አንድ ሺህ የሚሆኑ የአሜሪካና የእንግሊዝ ዜማዎች የጠላት ሙዚቃ ተብለው ታገዱ። በ1907 የተወለደችው አዋያ ኖሪኮ ግን አልታዘዝ አለች። ሴቶች ሁሉ የሥራ ሱሪ ይልበሱ፣ ቅንጦት ጠላት ነው በተባለበት ዘመን ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ ወታደሮቹ ፊት ቆመች። ለዚህም በየጊዜው እየተጠራች የጥፋተኝነት ወረቀት ትጽፍ ነበር። ለዚያ ቀሚስ ይህን ያህል መከራ መቀበል ምን ይረባል የሚል ካለ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት በለበሰበት አገር የኖረ ሰው ይመልስለት።

በሌላው ወገን ያማጉቺ ዮሺኮን እናገኛለን። በ1920 በማንቹሪያ ከጃፓን ወላጆች ተወለደች፤ ቻይንኛ አጥርታ ትናገር ነበርና በጃፓን ቁጥጥር ሥር የነበረው የማንቹሪያ የፊልም ኩባንያ ከ1938 ጀምሮ ሪ ኮራን በሚል ስም ቻይናዊት አስመስሎ አቀረባት። በድምፅዋና በመልኳ ወራሪው ወዳጅ መስሎ ታየ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቻይናውያን አገሯን የከዳች ብለው ሻንጋይ ላይ ከሰሷት፤ ከሞት ያዳናት ጃፓናዊት መሆኗን የሚያስረዳ የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ በ1946 ተለቀቀች። በኋላ ዘመኗ በዚያ ሥራ መጸጸቷን በግልጽ ተናግራለች፤ ከ1974 እስከ 1992 በምክር ቤት አገልግላ በ2014 አረፈች። ኃላፊነት አልነበራትም አንልም። ነገር ግን ስሙን የፈጠሩላት፣ ታሪኩን የጻፉላት፣ ትርፉን የሰበሰቡት ሌሎች ሆነው ሳለ ለፍርድ የቆመው የእሷ ፊት ነበር። የዘፋኝን ድምፅ ባለሥልጣን ሲይዘው ውጤቱ ይህ ነው። እንግዲህ «ሴቶቹ ይዝፈኑ፣ የሚዘፍኑትን ግን ኮሚቴው ይወስናል» የሚል ሐሳብ በጎን ስናነብ የሚሰማንን ፍርሃት አንባቢ ይረዳልናል።

«ስታገባ ትተዋለች» ወደሚለው ፈቃድ መሰል ክልከላ እንምጣ። ያማጉቺ ሞሞዬ በ1980 ገና በ21 ዓመቷ፣ በዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች ለማግባት ስትል ሙያዋን ተወች። በጥቅምት ወር በቶክዮ ቡዶካን አዳራሽ የመጨረሻውን ዘፈን ከዘፈነች በኋላ ማይክሮፎኗን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ወደ ዘፈን አልተመለሰችም። ምርጫዋ ነው፤ እናከብረዋለን። የምንጠይቀው ግን አለ። ያገባችው ሰው የፊልም ተዋናይ ነበር፤ እሱን ሙያህን ትተዋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ማንም።

በአንጻሩ ካቶ ቶኪኮን እንመልከት። በ1943 በሃርቢን ተወልዳ፣ በ1946 ከቤተሰቧ ጋር ከተመላሾቹ አንዷ ሆና ጃፓን ገባች። በ1972 በተማሪዎች እንቅስቃሴ ምክንያት የታሠረ ሰው እስር ቤት ሳለ አገባች፤ ልጆች ወልዳ አሳደገች፤ ዘፈኗንም አልተወችም። ሚያኮ ሃሩሚ ደግሞ በ1984 በቃኝ ብላ ተወች፤ በ1990 ደግሞ ራሷ ፈቅዳ ተመለሰች። የጃፓን ልብ ነው በሚባለው በኤንካ ከነገሡት አንዷ የሆነችው ይህች ሴት አባቷ ኮሪያዊ ነበር፤ ማን የአገር ልጅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በደም ለሚለኩ ሁሉ ይህ መልስ ነው። መተውም መመለስም የባለቤቲቱ ፈንታ ሲሆን እንዲህ ያምራል።

ጃፓን ግን ይህን ሁሉ አይታ ገና አልተማረችም። ልጃገረዶችን በቡድን እያደራጁ የሚያስዘፍኑ ድርጅቶች ከወንድ ጋር እንዳይቀራረቡ የሚያግድ ግዴታ ያስገቧቸዋል። በ2013 ኤኬቢ 48 ከተባለው የታወቀ ቡድን አንዷ ከወንድ ቤት ስትወጣ ፎቶግራፍ ተነሥታ ወሬው ቢወጣ ፀጉሯን ተላጭታ እያለቀሰች በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀች። በመስከረም 2015 የቶክዮ ፍርድ ቤት አንዲት ወጣት ዘፋኝ ይህንኑ ግዴታ አፍርሳለች ብሎ 650 ሺህ የን እንድትከፍል ፈረደባት። በጥር 2016 በሌላ ጉዳይ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሰው ማፍቀሩ የራሱን ደስታ የመፈለግ ነፃነቱ ነው በማለት ክሱን ውድቅ አደረገ። በጎዜዎቹ ማኅበርና በዚህ ውል መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ያኛው ቢያንስ የራሳቸው የሴቶቹ ማኅበር ነበር። እንግዲህ ኋላቀርነት የድሃ አገር በሽታ ብቻ አይደለም፤ ፎቅና ባቡር አያድነውም። መኪናቸውን ስናደንቅ ይህንንም እንወቅ።

በመጨረሻ ስለ መሣሪያ። በየኪነት ቡድኑ የተለመደው አሠራር ሴቷ ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፤ ክራሩ፣ ማሲንቆውና ኪቦርዱ የወንድ ነው። አኪዮሺ ቶሺኮ በ1929 በማንቹሪያ ተወለደች፤ ፒያኖ የተማረችው እዚያ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጃፓናውያን ከየነበሩበት ወደ አገራቸው ሲጎርፉ የእሷም ቤተሰብ ቤት ንብረቱን ጥሎ በ1946 ተመለሰ። ፒያኖ የላቸውም። ልጅቱ በቤፑ ከተማ የውጭ ወታደሮች በሚጨፍሩበት አዳራሽ ፒያኖ መቺ ይፈለጋል መባሉን ሰምታ ተቀጠረች፤ ፒያኖ የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ከዚያ ጃዝ ተማረች። በ1956 አሜሪካ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያም ሰዎች ይመጡ የነበረው ብዙ ጊዜ ኪሞኖ የለበሰች ሴት ጃዝ ስትመታ ለማየት ያህል ነው። እሷ ግን በ1973 ከባለቤቷ ጋር ትልቅ ኦርኬስትራ አቋቋመች፤ ድርሰቱን የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ የጃፓንን ባህላዊ ከበሮ ከጃዝ ጋር አዋሐደች። በ2007 አሜሪካ ለጃዝ ሊቃውንት የምትሰጠውን ከፍተኛ ክብር ተቀበለች። በ1946 ያችን ልጅ «ለተፈናቃይ ፒያኖ ምኑ ነው፣ ለሴትስ ምኗ ነው» ብሎ ያስቀራት ሰው ቢኖር ዓለም ምን እንዳጣ እንኳ አያውቅም ነበር። እኛስ በዚህ መጠለያ ውስጥ ማንን እያስቀረን ይሆን?

ስለዚህ ለኪነት ቡድኑ ኮሚቴና ለብሎክ ሽማግሌዎች የምናቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። የፈለገች እህት ትዝፈን፤ የፈለገች ክራሩን ትያዝ፤ መሣሪያውን ለመለማመድ እንደ ወንዶቹ ሁሉ ተራ ይሰጣት። ከዝግጅት የሚገኝ ገንዘብ ካለ ድርሻዋ በእጇ ይሰጣት እንጂ በወንድሟ በኩል አይላክላት። ማታ ከልምምድ ስትመለስ በመንገድ የሚሰድባት ካለ ሽማግሌዎቻችን ከእሷ ጎን ይቁሙ። ስታገባ መቀጠልም መተውም ለእሷ ይተው። አልሄድም ያለችውን ደግሞ እንግዳ መጣ ተብሎ ለጭፈራ አትጎተት፤ ይህም ያው በደል ነው።

አባቶቻችን፣ የልጆቻችሁ ክብር እንደሚያስጨንቃችሁ እናውቃለን። በስደት ላይ ብዙ ነገር ተገፎብናልና የቀረውን አጥብቀን ለመያዝ እንሻለን። ነገር ግን ክብር አፍን በመዝጋት አይጠበቅም። ሴት ልጅን የሚያዋርዳት መድረኩ አይደለም፤ ከመድረኩ በታች ተቀምጦ እያጨበጨበ፣ ሲወጣ የሚሰድባት ሰው ነው። ያንን ሰው እናርመው። ልምምዱ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ዳስ ነው፤ ልጆቻችሁን ላኩ፤ እናንተም ኑና ስሙ።